በወንድሜ ሳህን ላይ የጎረስነው

በስደት፣ በዓረብ አገር መንሱራ ውስጥ በምንኖርባት አንዲት ክፍል ታናሽ ወንድሜ የሚበላው ለብቻው፣ በሰማያዊ ሳህን ነው። አስም አለበት፤ ኦቾሎኒ የነካው ምግብም ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለው፣ ሐኪም ቤት መሄድ ተይዞ ወደ አገር መመለስን ሊያስከትልበት ይችላል። ስለዚህ ያን ሳህን አጥብቀን እንጠብቅ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ የአባታችን አብሮ አደግ የሆኑ ሰው ኦቾሎኒ የተበተነበት ሩዝ ይዘው ለምሳ መጡ። ሳህኑን አይተው ሳቁ።

"ተጣልታችኋል እንዴ? ወንድማማች ማዕድ ይለያል?"

"ጋሼ፣ ኦቾሎኒ አይስማማውም" አልኳቸው።

"እሱማ ቀላል ነው።" ኦቾሎኒውን አንድ በአንድ ለቅመው አወጡና በዚያው እጃቸው ጉርሻ ጠቀለሉ። "ያላ፣ ክፈት አፍህን።"

ወንድሜ ወደ እኔ ተመለከተ። የታላቅን ጉርሻ መመለስ በቤታችን ነውር ነበርና፣ እንዲቀበል በዓይኔ አዘዝኩት።

ወዲያው ከንፈሩ አበጠ፤ ደረቱ ያፏጭ ጀመር። የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ደጋግሜ ሰጠሁት፤ አልረዳውም። ሐኪም ቤት ስል ወንድሜ እጅጌዬን ይዞ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

"ኸላስ፣ ወረቀት ከነፍስ አይበልጥም" አሉ እንግዳው፤ ተሸክመውትም ወደ መኪናቸው ሮጡ።

መርፌ ተወግቶ ተረፈ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ኢቃማ የጠየቀው አልነበረም። ስንመለስ፣ ድምፁ ገና እንደሻከረ፣ "ጉርሻውን እምቢ ማለት አያቅተኝም ነበር" አለኝ። "ያቃተኝ ያንተ ዓይን ነው።"

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ባለበት ማዕድ ላይ ወንድሜን ቀና ብዬ አላየውም።