አልረጋ ያለ ደም

የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር አባቴ ይናፍቁኛል። ክፉኛ ነው የሚናፍቁኝ! የደረቀ ሰሊጥ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ከአብርሃ ጅራ ወዲያ ባለው ማሳችን ቆመው ከጎጃም በመጡት ሠራተኞች ላይ ሲቀልዱ ይታዩኛል።

ያን ዓመት የታሰረው ሰሊጥ ሂላ ሂላ ሆኖ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሞ፣ ደርቆ ለማራገፍ ደርሶ ነበር። ጠዋት አባባ አንዱን ሂላ ሊያነሱ እጃቸውን ሲሰዱ ከሥሩ የተኛ እባብ ጣታቸውን ነደፋቸው። እንደ አገራችን ልማድ ክንዳቸውን በገመድ አስረው ጣታቸውን በምላጭ በጡት። ደሙ ወረደ፤ ቢጠብቁት አልቆም አለ። እሳቸው እቴ! “መርዙ እየወጣ ነው፣ ተይው ይውጣ” እያሉ ደስ ይላቸዋል። ቆይተው እንትፍ ሲሉ ምራቃቸው ደም ሆነ።

“ኧረ በሕግ አምላክ! መርዙ በድድም ይወጣል እንዴ?” ብዬ ጮህኩባቸውና በትራክተሩ ተጎታች ጭኜ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው።

ሲስተሯ ደማቸውን በመስታወት ብልቃጥ ቀድታ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ይረጋ እንደሆነ ለማየት ሃያ ደቂቃ እንዳይነካ አለች። እኔ ምን ትዕግሥት አለኝ! እጄን ስሰድ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ተይው” አለችኝ። ጊዜው ደርሶ ብልቃጡን ዘንበል ብታደርገው ደሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

“የእባቡ መርዝ ደሙን በየደም ሥሩ በጥቃቅኑ ሲያረጋው ቆይቶ፣ ደም የሚያረጋውን ነገር ሁሉ ጨረሰው። ለቁስሉ የተረፈ የለም። እናንተ ደግሞ በምላጭ ሌላ መፍሰሻ ከፈታችሁለት” አለች። ጭንቅላታቸው ውስጥ ከደማ እንደማይተርፉም አልደበቀችኝም።

ደግነቱ የመርዙ ማርከሻ ነበር፤ በደም ሥራቸው ሰጠቻቸው። ደሙ ከረጋ ይድናሉ፣ ካልረጋ ግን እንጃ።

ስንጠብቅ አባባ “ሰሊጡን አደራ፣ እንዳይረግፍ” አሉኝ። ስለ ራሳቸው አንድ ቃል የለም። ንድድ አልኩ።

“ሰሊጡ ገደል ይግባ! እርስዎ ብቻ ይዳኑልኝ” አልኳቸው። እንዲህ ብያቸው አላውቅም ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲስተሯ እንደገና ቀዳች። እንደገና ጠበቅን። ከዚያ ብልቃጡን ገለበጠችው፤ ደሙ እንደ እርጎ ረግቶ ጠብ አላለም። እልልታዬን አቀለጥኩት። አባባ በጋቢያቸው እንባቸውን እየጠረጉ “ዝም በይ አንቺ! ሰው ምን ይላል?” ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ወዲያ እግዜር የሰጠንን ዓመት ያህል ሰሊጥ አብረን አጨድን። አሁን እልል ብል የሚቆጣኝ የለም።