ለካርቱን ያለቀስን ዕለት

ታናሽ እህቴ የጃፓን ካርቱን ነፍሷ ነው። «ካርቱን» ስላት ትቆጣለች፤ «አኒሜ በይ» እያለች ታርመኛለች። እኔ ግን ስዕል ሆኖ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ካርቱን ነው ባይ ነኝ። ወልድያ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ደረቱ ላይ ሰይፍ የተሰካበት ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ማየት አይሆንልኝም። ሳምባው የተወጋ ሰው ትንፋሽ ከየት አምጥቶ ያወራል? እነሱ ዘንድ ግን ሰውየው ግማሽ ክፍል ሙሉ ያወራል፣ ዝናብ ይወርድለታል፣ ሙዚቃ ይመጣለታል፣ አበባ ይረግፍለታል፣ ለመሞት ፈቃደኛ የሚሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እህቴ በዚህ ጊዜ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ሆኜ እስቃለሁ፤ ትራስ ትወረውርብኛለች።

ይህን አመል ያስያዛት ወንድማችን ነው። እሱ የእኔ ታናሽ፣ የሷ ታላቅ ነው። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ፊልም ከሚጫንባት ጠባብ ሱቅ በፍላሽ እያስጫነ ያመጣና ሁለቱ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ያመሻሉ። ጦርነቱ መጀመሪያ መጥቶ ከተማችን ተይዛ ከተለቀቀች በኋላ፣ ወንድማችን ማንንም ሳያማክር ተመዝግቦ ሠራዊት ገባ። እናታችን አባታችንን ከቀበረች ወዲህ ቤቱን ያቆመችው እሱን ተደግፋ ነበርና ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ከማሠልጠኛ ሲደውል ግን ስልኩን ከእጃችን የምትነጥቀው እሷው ነበረች።

በክረምቱ አጋማሽ ውጊያው በቆቦ በኩል እንደገና ተነሳ። ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ የወንድማችንም ድምፅ አብሮ ጠፋ። እሱ ደግሞ ያለው እዚያው ግንባር ላይ ነው። ይኑር አይኑር የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ቤታችን ውስጥ ሌላ ሐሳብ አልነበረም፤ ስለ ሽንኩርት ስናወራም የምናስበው ስለ እሱ ነው። እናታችን አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትል ነበር፤ «ክፉ ወሬ እግር አለው፣ ቢኖር ይደርሰን ነበር።» እኛም የወሬውን አለመምጣት የደህንነት ምልክት አድርገን ያዝነው።

የወልድያ ኪራይ ክፍሌን ቆልፌ ወደ መርሳ የወረድኩት የከባድ መሣሪያው ድምፅ የመስኮቴን መስታወት ማንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። መንገዱ ከቆቦ በተፈናቀለ ሰው ሞልቷል። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ፍየል የሚጎትት አለ፣ ባዶ እጁን የሚሄድ አለ። መርሳ ስደርስ ደግሞ የመርሳ ሰው ራሱ ሊነሳ እያኮበኮበ ነበር። ባለመኪናዎቹ አንድ በአንድ ወደ ደሴ ወጡ። ሱቆች ግማሽ በራቸውን ብቻ ከፍተው ይሸጣሉ። በየቤቱ ሰው ዶሮውን እያረደ ይበላ ጀመር፤ ለማን ልተወው ብሎ ነው። የመሣሪያው ድምፅ አንዳንድ ቀን ይርቃል፣ አንዳንድ ቀን ይቀርባል፤ ሲርቅ ይብስ ያስፈራኛል፤ በየት በኩል እየዞሩ ይሆን እላለሁ።

ጎረቤቶቻችንም ተለውጠው ጠበቁኝ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ እሳቸው የመስጊድ፣ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነው ዓውድ ዓመት ሁሉ አንድ ላይ ነው ያሳለፉት። ከወንድማችን ስም በፊት «ልጄ» ሳይሉ አይጠሩትም። አሁን ግን በመንገድ ሲያዩኝ ሰላምታቸውን አሳጥረው ያልፋሉ። ሚስታቸው፣ ጠዋት ጠዋት እናቴ ዘንድ ሳይቀመጡ የማይውሉት ሴት፣ ሥራ በዝቶብኛል ማለት አበዙ። አንድ ቀን እናቴ በአጥሩ ላይ ስታናግራቸው ፊታቸውን አዙረው ሳል ያዘኝ አሉ። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አለፍኩት። እናቴ ግን ከፍቷት፣ ምን በድያቸው ይሆን እያለች ዋለች።

በዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ እናታችን ዳቦ ጠቅልላ ተፈናቃዮች ወደ ሰፈሩበት ትምህርት ቤት ሄደች። እህቴ ላፕቶፑን ከሣጥን አወጣች። ባለፈው ከተማዋ ስትያዝ ጓሮ ቀብረነው ነው የተረፈው፤ አሁንም ሊቀበር ነበር። ከመቀበሩ በፊት አንድ የቀራትን የመጨረሻ ክፍል ልታይ ፈለገች። ወንድማችን ሲሄድ ያልጨረሱት ተከታታይ ነበር፤ የመጨረሻውን እሱ ሲመጣ አብረን እናየዋለን ብለው ተቃጥረዋል። ያለ እሱ ማየቷ ሟርት መሰለኝ። ፊዚክስ ማስተማሬ ከሟርት አያድነኝም፤ ተይው አልኳት። እሷ ግን ላፕቶፑ ተቀብሮ የሚወጣ መሆኑን በምን አውቃለሁ አለችኝ። የጣሪያው ቆርቆሮ በመድፉ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ድምፁን የሚሸፍን ነገር እኔም ፈልጌ ኖሮ፣ እሺ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልማዴን ልሳለቅ ነበር የተዘጋጀሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወላጅ የሌላቸው ወንድምና እህት ተራራ ሥር ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ያፏጫል፤ የራሱ የሆነች አጭር ፉጨት ናት። ልጅቱ ስትሰማ የሱን ሳህን ታቀርባለች። ከመጀመሪያው ክፍል አንስቶ እንዲህ ነው፤ እህቴ ፉጨቷን እንጀራ ስትጋግርም ታፏጫት ነበር። በኋላ ወንድሟ ይዘምታል። በመጨረሻው ክፍል በረዶ ይጥላል፣ ጨልሟል፣ ልጅቱ ብቻዋን እሳት ዳር ተቀምጣለች። ፉጨቱ ይሰማል። ትነሳለች፣ ሳህኑን ታቀርባለች፣ በባዶ እግሯ በረዶው ላይ ትሮጣለች። መታጠፊያው ላይ የቆመው ግን ሌላ ወታደር ነው። ወንድሟ ሲሞት ፉጨቷን አስተምሮት፣ ሂድና ንገራት ብሎት ነው የመጣው።

ሙዚቃው መጣ። በረዶው ወረደ። ሁሉም ነገር እንደምጠላው ሆኖ ቀረበ፤ የምስቅበት አፍ ግን አጣሁ። እንባዬ ሲወርድ አላቆምኩትም፤ በእሱ ነገር ሳናለቅስ ሳምንታት ቆይተናል፣ ማልቀስ ራሱ ሞቱን መጥራት መስሎን። ካርቱኑ ፈቃድ ሰጠን። እህቴማ ጭራሽ ለቀቀችው፤ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለች ጮኻ አለቀሰች። የልጅቱን ይሁን የኛን እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። እኔም አቅፌያት ድምፄን አወጣሁ። አጥራችን የቆርቆሮ ነው፤ እዚያ ሰፈር ደግሞ ልቅሶ የሰማ ሰው አይቀመጥም።

በሩ ተበረገደ። መጀመሪያ የገቡት ሽማግሌው ናቸው፤ ከኋላቸው ሚስታቸው፣ ከሚስታቸው ኋላ የሰፈር ሴቶች። ሽማግሌው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰባሐቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ ጢማቸው በእንባ ርሶ ደጃፉን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ማን አረዳችሁ?» አሉ።

እህቴ ገና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዙራ ፊልም እኮ ነው አባባ፣ ካርቱን ነው አለቻቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርቱን ብላ ጠራችው። የመዝጊያው ዘፈን አሁንም ይጫወታል። ሽማግሌው ስዕሉን አዩ፣ እኛን አዩ፣ እንደገና ስዕሉን አዩ። ሚስታቸውን ሳይ ጥቁር ሻሽ አስረዋል፣ ወገባቸውን ታጥቀዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ጩኸት ሰምቶ ከጓዳ የሮጠ ሰው እንዲህ ተሰናድቶ አይደርስም። ልብሱ ወጥቶ፣ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው።

እህቴ ሳቋን አቋርጣ ዞራ አየችኝ። እኔ ሽማግሌውን መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሊክዱ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ተቀምጠው ነገሩን። ከወንድማችን ጋር የዘመተ የሐብሩ ልጅ ቆስሎ ወደ ደሴ ሲወሰድ፣ መርሳ መንገድ ላይ መኪናው ቆሞ ለሽማግሌዎቹ ተናግሮ አልፏል። እኔ ከወልድያ ከመምጣቴ በፊት ነው። የዕድሩ ሰዎች ተማክረው፣ የእናቴ እህት ከሲሪንቃ እስክትመጣ ደብቀውታል፤ እናት ወገኗ በሌለበት አትረዳምና። አክስቴ በዚያ ምሽት ደርሳ እነሱ ቤት ልታድር፣ ሁሉም ጎህ ሲቀድ በአንድ ላይ ሊመጡ ተስማምተው ነበር። ለካ ያ ሁሉ ፊት ማዞር ፍርሃት አልነበረም። የልጃቸውን ያህል የሚወዱትን ልጅ ሞት በደረታቸው ይዘው፣ ከእናቱ ጋር በአጥር ሰላም መባባል አቅቷቸው ነበር።

እህቴ ወለሉ ላይ ነበረች። ሽማግሌው እጇን ያዙ።

«አብሽሪ ልጄ። እናትሽ እስኪነጋ እንዳትሰማ። መሽቶ፣ እህቷ ሳትኖር፣ ልቧን ይሰብረዋል። ይህችን አንድ ሌሊት ያዙልኝ» አሉን፤ እንደ ልመና ነበር ያሉት።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አቃንተው፣ ሻሻቸውን ፈተው በጓሮ በር ወጡ። እኛ ፊታችንን ታጠብን። ውሃ ግን እንዲህ ያለውን ዓይን አያጥብም። እናታችን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣች፤ ደጃፉን ሳታልፍ አየችን። ምን ሆናችኋል አለች። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ አንድ ቃል ብቻ እየጠበቀች ነበር። ካርቱን አይተን ነው አልኳት። አላመነችኝም። አንቺ ደግሞ ለካርቱን? አለችኝ። እኔ በካርቱን እንደምስቅ ታውቃለች። ዓይኗ ከኔ ወደ እህቴ፣ ከእህቴ ወደኔ ሲመላለስ ቆየና ያስለቀሳችሁን አሳዩኝ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? ከፈትኩት። እናቴን መሐል አድርገን ተቀመጥን። ከስዕሉ ሥር የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እህቴ ማስተርጎም ነበረባት፤ ወንድሟ ነው፣ ዘምቷል፣ ሲመጣ ያፏጫል፣ እያለች በተቆራረጠ ድምፅ ነገረቻት። ፉጨቱ ሲመጣ እህቴ ማስተርጎም አቃታት። ፊቷን እናታችን ትከሻ ውስጥ ደበቀች። እኔም በሌላው ትከሻ ላይ ተደፋሁ። ለካ በእናቴ ፊት በግልጽ ማልቀስ የምችለው በዚያ ስዕል ስም ብቻ ነበር፤ አለቀስኩ።

እናታችን ሁለታችንንም በግራና በቀኝ ይዛ እየደባበሰች «ስዕል እኮ ነው ልጆቼ፣ ስዕል ነው» አለችን።

ካለቀ በኋላ ግን ዓይኗን ከማያው አላነሳችም። ተቆጥታ ነበር። ያ ወታደር ባለጌ ነው አለች። ብቻውን፣ በመሸ፣ ለአንዲት ፍሬ ልጅ መርዶ ይነገራል? ጎረቤት የላትም? ዘመድ አይፈለግላትም? መንጋቱን አይጠብቅም? እዚያ አገር ሰው የለም እንዴ አለች። ሰው ቢኖር ኖሮ በጠዋት ተሰብስበው መጥተው፣ ይዘዋት፣ ደግፈዋት ነበር የሚነግሯት አለች። ከአጥሩ ማዶ አክስቴ ቀደም ብላ መድረሷን ከጎረቤቶቻችን ውሻ ጩኸት አውቄያለሁ። እህቴ እቃ ልታጥብ ብላ ወጣች፤ የሚታጠብ እቃ አልነበረም።

ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ ነበር። እናታችን ቀድማኝ ተነስታ ግቢ ውስጥ ፊቷን ትታጠባለች። በዚያን ቀን መድፉ ዝም ብሎ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ከጣሳዋ ውሃ እየፈሰሰ ሄዳ እሷው ከፈተችው።

ሽማግሌው ከፊት፣ አክስቴ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው መላው ሰፈር፣ ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቆ ቆሟል። እናቴ እህቷን አየች። ሽማግሌውን አየች። ከዚያ እነሱን ትታ ደጃፉ ላይ ወደቆምነው ወደኔና ወደ እህቴ ዞረች፤ ያበጠ ዓይናችንን አየች።

«ትናንት ብቻችሁን ነው ያለቀሳችሁለት?» አለችን።

አዎ አልኳት። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ መጥታ መጀመሪያ ሁለታችንን ደረቷ ላይ ሰበሰበችን፤ ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።