ያነበበ ይሰርዛል

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦው» ነበር የሚለው። እኔ ግን ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። አርባ ዓመት ራዲዮ ሲጠግን ኖረ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለታችንም ሳናገባ፣ ወላጆቻችን በተዉልን ሁለት ክፍል ቤት አብረን አረጀን። በፊተኛው ክፍል የእኔ የስፌት መኪና፣ መተኮሻ ጠረጴዛዬና ከመጋረጃ ጀርባ አልጋዬ አለ፤ የቀረው የእሱ የሽቦ ክምር ነው። የኋለኛው ክፍል የእሱ መኝታ ነበር። አፌ ክፉ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ነገር በሆዴ አላሳድርም። አንድ ነገር ብቻ አሳድሬያለሁ፣ እሱን ነው የማወራችሁ።

የጋሼ እንጀራ ጥገና ቢሆንም ነፍሱ ያለችው አማተር ራዲዮ ላይ፣ በአየር ከሩቅ ሰው ጋር ማውራቱ ላይ ነበር። ከተራራው ማዶ የውሃ ፓምፕ የሚጠብቅ አንድ ጓደኛ አለው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በአካል የተያዩት ሦስት ጊዜ ነው፤ በራዲዮ ግን አንድ ቀን አይተላለፉም። ስለ ምን ያወራሉ ብትሉኝ፣ ስለ ምንም። «ዝናብ አለ?» «የለም።» «እዚህም የለም።» ለዚህ ነው እንግዲህ ልብስ የማሰጣበት ጣራ ላይ ያ ሁሉ ብረት የተተከለው!

ሰውዬው ከዓመታት በፊት በጽሑፍ መላላክ ጀምሮ ነበር። ፓኬት ራዲዮ ይሉታል። በኮምፒውተር የጻፍከውን አንዲት ትንሽ ሳጥን ወደ ጩኸት ትለውጠዋለች፣ ራዲዮው ጩኸቱን ይልካል፣ ማዶ ያለችው ሳጥን መልሳ ፊደል ታደርገዋለች። «አንተም ሞክረው» እያለ ጋሼን ሲወተውተው፣ ጋሼ «ምላስ እያለ በጣት ማውራት ምን የሚሉት ነው!» እያለ ይስቅበት ነበር።

ከዚያ ጉሮሮው ታመመ። ሐኪሞቹ ከፍተው ያወጡትን አወጡ፣ ድምፁም አብሮ ሄደ። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ገዛሁለት። እሱ በጠመኔ ይጽፋል፣ እኔ እጮሃለሁ። «ውይ! እኔን ምን ያስጮኸኛል፣ አንተ እኮ ትሰማለህ!» ብዬ ስስቅ እሱም ትከሻው እየተነቃነቀ ይስቃል። ያለ ድምፅ የሚስቅ ሰው ማየት እንዴት እንደሚያሳዝን እኔ ልንገራችሁ።

በዚያው ወር የጓደኛው ሚስት ሞተች። ወሬውን ያመጣልን የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጋሼ ለቅሶ አልሄደም።

«ምን ብዬ ላጽናናው? ሰሌዳ ይዤ?» ብሎ ጻፈልኝ።

«ሄደህ አጠገቡ ብትቀመጥ ምን ትሆናለህ? እንደው ምን ዓይነት ሰው ነህ!» ብዬ ጮህኩበት።

አፍሮ ቀረ። ሰውዬው ደግሞ የጋሼን መታመም አያውቅም። የሃያ ሁለት ዓመት ጓደኛው ሚስቱን ሲቀብር ድራሹ ጠፋ፤ እሱ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ።

በዓመቱ በሽታው ተመለሰ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ብዙ ጊዜ እንደሌለው ነገረኝ። ለጋሼ አልነገርኩትም፣ እሱ ግን ፊቴን አይቶ አወቀ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ሳልሞት ይቅር እንዲለኝ እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈና ሥራ ጀመረ።

አሮጌ ሳጥን ከሆነ ቦታ አስመጣ። እያለከለከ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን አስተካከለ፣ ገመዱን በመስኮቱ ቀዳዳ አስገባ፣ ራዲዮውን፣ ሳጥኑንና ኮምፒውተሩን በአንድ ማከፋፈያ አድርጎ መተኮሻዬ አጠገብ ያለው ሶኬት ላይ ሰካ። ሰሌዳው ላይ «አትንኪው» ጻፈ። ሳጥኑ በየአስር ደቂቃው እንደ ጫጩት እየጮኸ የጋሼን መለያ ስም ለአየር ይናገራል፤ ተራራው ላይ ያለ ሌላ ጣቢያ ተቀብሎ ወደ ማዶ ያሻግረዋል። ሰው ባይኖርም የሚላከውም ሆነ መልሱ እዚሁ ሳጥናችን ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱን ይጠብቃል። የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ ደንብ አላቸው፣ ያነበበ ይሰርዛል።

ጋሼ አመሻሽ ላይ ጻፈ። እንዲህ ይላል፦ «ለቅሶ ያልደረስኩህ ንቄህ አይደለም። ጉሮሮዬን ቀደው ድምፄን ወሰዱት። አፍሬ ነው። ይቅር በለኝ።» የፓምፑ ጄኔሬተር የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰውዬው በራዲዮው ወደ እኛ ሳጥን የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ደግሞ መድኃኒቱ አደንዝዞት እስከ ቀትር ይተኛል።

በማግስቱ ቀትር ላይ ተነስቶ ሳጥኑን አየ። ባዶ ነው። ሰሌዳውን አነሳ፦ «አንብቦ ሰርዞታል። አልመለሰም።»

ያን ፊት አልረሳውም። ማታ እንደገና ጻፈ። በማግስቱም ባዶ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው፣ በአምስተኛውም እንዲሁ። እኔ ምን አልኩ? «ይሄ ድንጋይ ልብ! ተወው ጋሼ፣ እሱ ብሎ ጓደኛ!» አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ። ጋሼ ራሱን ነቅንቆ «ልክ ነው። እኔም ብሆን አልመልስም ነበር» ብሎ ጻፈ። ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። ዘጠነኛውን መልእክት ሲጽፍ እጁ ስለደከመ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ ነበር። እኔ ልጻፍልህ ብለው እምቢ አለ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል አደረስኩት፤ ቀትር ሳይሞላ እጄን እንደያዘ አረፈ። ያልመጣለትን መልስ እያሰበ ነው የሞተው። አይኑ ውስጥ ነበር፣ አየሁት።

ለቀስተኛው ወጥቶ ሲያልቅ፣ በአራተኛው ቀን ብቻዬን ቀረሁ። ቀሚስ ልተኩስ ካውያውን ይዤ ወደ ሶኬቱ ስሄድ፣ ሳጥኑ ላይ ልብ ብያት የማላውቅ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። የጋሼን ደብተር አወጣሁ። መብራቷ መልእክት አለ ማለት ነው ይላል። እንዴት እንደሚነበብ ፍለጋ ሳገላብጥ፣ ከታች በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ፦ «የሳጥኑ ውስጥ ባትሪ አልቃለች። ሌላ እስክትገኝ ሶኬቱ መነቀል የለበትም። ከተነቀለ የያዘውን ሁሉ ይረሳል።»

ካውያዬን አየሁት።

በየጠዋቱ፣ ከንጋት በኋላ፣ ጋሼ ተኝቶ ሳለ ያንን ሶኬት ነቅዬ ካውያዬን የምሰካው እኔ ነበርኩ። ካውያው ማከፋፈያ ያቀልጣል። እሱ ከመነሳቱ በፊት ሁሉን እንደነበረ እመልሰዋለሁ፣ እንዳይቆጣኝ። በእሱ መኝታ ክፍል ሌላ ሶኬት ነበር። እዚያ ያልሰካሁት ገብቼ እንዳልቀሰቅሰው፣ ታሞ ነው፣ ይተኛ ብዬ ነው። ይኸው ነው ያሳደርኩት ነገር።

ሳጥኑ ውስጥ አራት መልእክት ነበር። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይቅር በለኝ ትለኛለህ፣ ዘጠኝ ጊዜ ይቅር ብዬሃለሁ እኮ! መልሴን አታነብም እንዴ? ድምፅህን በመስማቴ ነበር የምጽናናው፣ ድምፅህ ከሄደ ግን አንተ ትበቃኛለህ።» ሁለተኛው «ዛሬ ምንም አልጻፍክም። አኮረፍክ?» ይላል። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው «ፈራሁ» ብቻ ነው። እየጮህኩ አለቀስኩ። ጎረቤት ሌላ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሮጦ መጣ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሳጥኑ ተንጫጫና «ተገናኝቷል» የሚል መጣ። በአንድ ጣቴ ጻፍኩ፦ «እኔ እህቱ ነኝ። ጋሼ ዓርብ ዕለት አረፈ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። መልሶቼን አንብቦ ነበር?» አለኝ።

አዎ ብል ማን ያውቅብኛል? ማንም። ጣቴ ፊደሉ ላይ ነበር። ግን ስምንት ቀን ስሰድበው የከረምኩት ሰው ነው፣ በዚያ ላይ እንዴት ልዋሸው? «አላነበበም። በየጠዋቱ ሳጥኑን የምነቅለው እኔ ነበርኩ፣ ልብስ ልተኩስ ብዬ። እንደሚጠፋ አላወቅሁም» አልኩት።

«እንዳኮረፍኩት አስቦ ነው የሞተው?»

«አዎ» ብዬ ጻፍኩ።

ግንኙነቱ ተቋረጠ። ጄኔሬተሩ ይሁን እሱ፣ አላውቅም።

በማግስቱ ንጋት መብራቷ ብልጭ አለች። ስምንት መልእክት። የጠፉትን፣ የሚያስታውሰውን ያህል፣ እንደገና ጽፏቸዋል። መጨረሻው ላይ «መቃብሩ ዘንድ ሄደሽ አንብቢለት፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ» ይላል። በደብተሩ ገልብጬ ሄድኩ። ስምንቱንም፣ ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁትን ዘጠነኛውንም ጨምሬ፣ ሰው እያየኝ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ እኔ በአንዱም ውስጥ አንድ ቃል የለም።

ካውያዬን አሁን በጋሼ ክፍል ነው የምሰካው። ከመቃብሩ የተመለስኩ ዕለት አመሻሽ ላይ ለሰውዬው ጻፍኩለት፦ «እርስዎን ሰድቤዎታለሁ፣ ወንድሜንም ሳጽናና በደልኩት። እኔንም ይቅር ይበሉኝ።» ሳጥኑ ውስጥ ተውኩት። ሲነጋ መብራቷን አየሁ። ጠፍታለች። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ የጻፍኩት የለም።

አንብቦ ሰርዞታል። አልመለሰም። ሶኬቱን ደግሞ ማንም አልነቀለውም።