ወረቀቱ ሳይመጣ የተቆረጠ ኮት

ሱሌማን የሰው ስም አይይዝም፤ የሚይዘው ልክ ነው። ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ አንድ በረንዳ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሰፋ፣ እኔ የወንድ ሱሪ፣ እሱ የሴት ቀሚስና ኮት፣ አንድም ቀን የደንበኛ ስም በትክክል ሲጠራ አልሰማሁም። «ያቺ ወገብ ሰባ ሁለት መጥታ ነበር?» ብሎ ይጠይቀኛል። የማን ወገብ እንደሆነ ማወቅ የኔ ፈንታ ነው።

ሙያውን የተማረው ከዚራ ሰፈር ይሠራ ከነበረ አርመን ልብስ ሰፊ ነው። አርመኑ አገር ለቆ ሲሄድ ለሱሌማን አንድ የእግር የስፌት መኪናና አንድ ሕግ ትቶለት ሄደ። ልክ የተጻፈበት ወረቀት ፊቱ ሳይቀመጥ መቀስ አያነሳም። የገዛ እናቱ ብትመጣ እንኳ ለክቶ፣ ጽፎ፣ የጻፈውን መልሶ አይቶ ነው የሚቆርጠው። እኔ ደግሞ ባቡር አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ይነጫነጭ የነበረ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ትዕግሥት ከየት አመጣለሁ? «ቁረጠው አቦ፣ ደብተር ነው እንዴ የምትሞላው!» እለዋለሁ። እሱ ቀና ብሎም አያየኝም።

ያለችው አንዲት ልጅ በድሪያ ናት። እናቷ በአምስት ዓመቷ ስለሞተች ያደገችው እዚሁ በረንዳ ላይ፣ በሁለታችን መኪና መሃል ነው። ዝምታን ከአባቷ፣ ነገረኝነትን ከኔ ተማረች። ቋንቋ የተማረችው ግን ከደንበኛ ነው። ከአባቷ ጋር ሐረሪኛ፣ ከኔ ጋር አማርኛ፣ ከገንደ ቆሬ ከሚመጡት ጋር ኦሮምኛ፣ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ጋር ሱማሌኛ እያወራች፣ ማን ምን ዓይነት አንገት እንደሚፈልግ ታስረዳን የነበረችው ገና ጥርሷን ሳትቀይር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች ሦስት ዓመት ሆኗት፣ ሥራ ስትፈልግ፣ እስኪገኝ ድረስ ለሁለታችንም የቁልፍ ቤት ትሠራልን ነበር። እንደሷ የቁልፍ ቤት የሚሠራ እጅ ድሬዳዋ ውስጥ አላየሁም። ስለምወዳት አይደለም እንዲህ የምለው፤ እሺ፣ ስለምወዳትም ነው።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ከዚራ ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። የሚፈለገው አንድ ሰው ነው። በድሪያ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት ሁለት እሑድ ሙሉ ስብሰባ ተቀምጣ አጨበጨበችና ተመዘገበች።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራችው ሐሙስ ዕለት ነው። ስትመለስ የደቻቱን ድልድይ በዚያ ፀሐይ በእግሯ አቋርጣ ስለነበር ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። ውኃ ብሰጣት እንኳ ሳትጠጣ ነው ያወራችው።

«ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ስልክ አስያዘኝ። ወላሂ ጋሼ ሣህሉ፣ ሽቦ የሌለው ስልክ! ከዚያ አንዴ እንደ ሱማሌ ነጋዴ ሆኖ ይቆጣኛል፣ አንዴ እንደ ገበሬ በኦሮምኛ ‹ኃላፊውን አገናኚኝ› ይለኛል። በመጣበት መለስኩለት። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ‹ይሄ ድምፅ ለስልክ የተሠራ ነው› አለ።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ‹መቼ መጀመር ትችያለሽ?› አለኝ። ‹ነገ› አልኩት። ሁሉም ሣቁ።»

ሱሌማን መኪናውን አቁሞ ነበር። «ሣቁ?» አለ።

«አይዋ አባ፣ ጥሩ ሣቅ ነው የሣቁት።»

መቼ ትጀምሪያለሽ ብሎ ጠይቆ የማይቀጥር አለ እንዴ? እኔ በበኩሌ የለም ብዬ ደመደምኩ። ያን ቀን ታሪኩን ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ አሥር ጊዜ ነገረችው፤ አሥሩንም ጊዜ ሰማሁ፣ አልሰለቸኝም።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ያ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ የሚያሰፋው ሱሌማን ዘንድ ነው። መጀመሪያ ጨርቁን ይልካሉ፤ ቀጥሎ ንብረት ክፍሉ ሠራተኛውን ለክቶ ልኩን በወረቀት ይልካል፤ ልብሱ ሲደርስ ባለቤቱ መጥቶ ይሞክራል። ቅዳሜ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ሰማያዊ ጨርቅ በብብቱ ይዞ መጣ። «ለአዲሷ ኦፕሬተር ነው፣ ኮትና ጉርድ። ልኩ ሰኞ ይመጣል» አለና ሄደ። በድሪያ እቤት ምሳ እያበሰለች ስለነበር አላየችውም።

ሱሌማን ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እንደ ሌላ ጊዜ ጥራቱን ለማየት አልጎተተውም። ዝም ብሎ በመዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«ቁረጠው» አልኩት።

«ወረቀት የለም።»

«የማንን ወረቀት ነው የምትጠብቀው? ልጅህን ለማወቅ ንብረት ክፍል ያስፈልግሃል?»

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬም ሳስበው ምላሴን መንከስ ያምረኛል። ሱሌማን ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ወደ ጎን አስቀመጠው። ቁራጭ ሳሙናውን አንስቶ፣ ሳይለካ፣ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን አሰመረ። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ቆረጠ። በአሥራ ስድስት ዓመት ያላየሁት ነገር ነው። እኔም ሞቅ ብሎኝ ከቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ስድስት የነሐስ ቁልፍ አወጣሁ፤ ከአባቴ የባቡር ኮት ላይ ነቅዬ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳቸው ናቸው። «እነዚህ ይሁኑላት፣ ከኔ ነው» አልኩት።

«እንዳትነግራት» አለኝ። «ሲያልቅ ታየዋለች።»

ሰኞ ረፋድ ላይ ወረቀቱ መጣ። ሱሌማን ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ ስም ለማንበብ ጊዜ ይወስድበታል፤ ቁጥር ግን እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው የሚያነበው። ደረት መቶ ሁለት፣ ወገብ ሰማንያ ስድስት። የበድሪያ ደረት ሰማንያ አራት ነው። ወረቀቱን ወደኔ ዘረጋው።

«ሣህሌ፣ ስሙን አንብብልኝ።»

«ኡባህ ሊበን» አልኩ።

«ደግመህ አንብበው።»

ደግሜ አነበብኩት። ሱሌማን የተቆረጠውን ጨርቅ አጥፎ መኪናው ሥር አስገባው፣ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ ክር የሌለው መርፌ ይዞ ብዙ ቆየ።

«ንገራት» አልኩት።

«የውጤቱ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ታነበዋለች። ከወረቀት ትስማው፤ ከኔ አፍ አይውጣ።»

«ከሰሌዳ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው አይሻልም?»

«አንተ ንገራት እስቲ!»

እኔም አልቻልኩም። አፌ እንደዚያ ቀን ተሳስሮ አያውቅም። ማስታወቂያው ደግሞ ፊርማ ይጠብቃል ተብሎ አልተለጠፈም። በድሪያ ማክሰኞ ያንኑ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ ከዚራ ሄደች፤ «አልወጣም» ብላ ተመለሰች። ረቡዕም ሄደች፤ «አልወጣም» አለች፤ ምሳዋንም በደንብ በላች። ሱሌማን ዓይኑን ከሳህኗ ላይ መንቀል አቅቶት አየሁት።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ከሚያርፍበት ሰዓት ስንመለስ፣ በድሪያ ቀድማን በረንዳው ላይ ደርሳ ነበር። ቀጭን መርፌ ፍለጋ የአባቷን መሳቢያ ከፍታ ወረቀቱን ይዛ ቆማለች። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ እሷም እንደ አባቷ ስሙን ከማንበቧ በፊት ቁጥሩን ነው ያየችው። ጎንበስ ስትል መኪናው ሥር ሰማያዊውን ጨርቅ አየች። አወጣችው፣ ዘረጋችው፣ የኮቱን ጀርባ አንስታ በራሷ ትከሻ ላይ አደረገችው። ልክ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«አባ» አለች፣ «ያለ ወረቀት ቆረጥከው?»

ሱሌማን ራሱን ዝቅ አደረገ። «ያንቺን ልክ ለማወቅ ወረቀት አያስፈልገኝም» አለ።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ጨርቁን በደረቷ አቅፋ፣ ሰው እያለፈ እያገደመ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፤ ማን ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም። «እኔ ነኝ ቁረጠው ያልኩት» አልኳት።

«አንተማ መቼ አፍህ አርፎ ያውቃል» አለችኝ በእንባዋ መሃል።

ሐሙስ አልመጣችም። ሱሌማን «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች» አለኝ። ሻይ አስቀምጦላት ቀዝቅዞ አገኘው፤ ሌላ አስቀመጠላት፣ እሱም ቀዘቀዘ። እሱ ራሱ በዚያ ቀን አንድ እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልብጦ ሰፍቶ ሁለት ጊዜ ተረተረ። እኔ አልቀለድኩበትም። ዓርብ ሱሌማን ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ በድሪያን ቦታዋ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ዓይኗ አብጧል፣ ሻሿን ግን አጥብቃ አስራለች።

«የመንግሥት ጨርቅ ነው» አለች። «በኔ ልክ ተቆርጦ እንዴት ይመለሳል? ትርፉ የታለ?»

እውነቷን ነው፤ እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ይሄን ያሰብነው ቢሆንም ጨርቁን ለመንካት ድፍረት አልነበረንም። ሱሌማን ከቁርጥራጮቹ መሃል የተረፈውን አወጣ። ረጅም፣ ጠባብ ትርፍ ነው። በድሪያ በእጇ ስንዝር ለካችውና ከብብት እስከ ታች በሁለቱም ጎን እንዲገባ አደረገች፤ ለእጅጌው ደግሞ ከሥሩ፣ ለጉርዱም ከጎኑ። እሷ ወረቀቱን እያየች ታሰምራለች፣ አባቷ ይሰፋል። የኔን የነሐስ ቁልፎች ግን ሳይነጋገሩ ወደ ቆርቆሮው መለሱልኝ፤ ለኮቱ ተራ ሰማያዊ ቁልፍ አደረጉለት። የቁልፍ ቤቶቹን በድሪያ ሠራች። አስተውዬ አይቻቸዋለሁ፤ አንድም የተዛነፈ አልነበረም።

ቅዳሜ ኡባህ ልትሞክር መጣች። ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ፈገግታዋ ፈሪ የሆነ ልጅ ናት። ኮቱ ልክ ሆነላት። ጎኑ ላይ ያለውን ስፌት በጣቷ እየተከተለች «ፋሽን ነው እንዴ? ያምራል» አለች። በድሪያ አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ይዛ፣ ከእግሯ ሥር ተንበርክካ የጉርዱን ጠርዝ እያጠፈች ነበር።

«ሰኞ እጀምራለሁ፤ እፈራለሁ ግን» አለች ኡባህ። «ከጂቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ኦሮምኛዬ አይረባም። ስንፈተን አንዲት ልጅ ነበረች፣ አራት ቋንቋ ስትናገር በበር በኩል ሰማኋት፤ ፊቷን አላየሁም። እሷን የሚወስዷት ነበር የመሰለኝ። እኔን የወሰዱኝ ታይፕ ስለምችል ይሆናል፤ አላውቅም። አዘንኩላት።»

ሱሌማን «እሷ እኮ» ብሎ አፉን ከፈተ። በድሪያ ቀና ብላ አየችው፤ ዘጋው።

መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣችና «በኦሮምኛ ከደወሉልሽ መጀመሪያ ሰላም በያቸው፣ ከዚያ ‹ጢኖ ኤጋ› በያቸው» አለቻት። «ትንሽ ጠብቁ ማለት ነው። ቀስ ብለሽ በያቸው፤ ገጠር ያለ ሰው በስልክ ሲቸኩሉበት ይደነግጣል።»

ኡባህ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። በድሪያ ሁለት ጊዜ አረመቻት፣ በሦስተኛው «ሃዬ፣ አሁን ሆነልሽ» አለቻት። ልጅቷ ኮቱን በጋዜጣ አስጠቅልላ፣ ለሁላችንም እጅ ነስታ፣ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ስትሄድ፣ መንገዱን እስክትታጠፍ ድረስ በድሪያ በዓይኗ ተከተለቻት። ከባድ እንደነበር አውቃለሁ።

ማስታወቂያው የወጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በድሪያ ሄዳ አነበበችው፤ ሁለተኛ ወጥታ «ተጠባባቂ» ተብላ ተጽፋለች። ተመልሳ ይሄንኑ ነገረችንና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ቀጭን መርፌዋን ክር አስገባችበት። ከዚያ ከሥራዋ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«አባ፣ ሌላ ቦታ ብፈተንና ጨርቁ ቀድሞ ቢመጣ፣ ወረቀቱን ትጠብቃለህ?»

ሱሌማን መኪናውን አቆመ። አርመኑ የተወለትን ሕግ አስቦ እንደሆነ እንጃ።

«አልጠብቅም» አለ።

«ብትሳሳትስ?»

«ከጎን የምታስገባልኝ ልጅ አለችኝ።»

በድሪያ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች። ከዚያ እጇን ወደኔ ዘርግታ «ቆርቆሮህን አምጣ» አለችኝ። ስድስቱን የነሐስ ቁልፎች መርጣ አወጣች፣ በቁራጭ ሰማያዊ ጨርቅ ቋጠረቻቸው፣ የራሷ መርፌ ባለበት መሳቢያ ውስጥም አስቀመጠቻቸው።