የዲንኪቱ በርሜል

ነገሌ ውስጥ ውሃ ያለ ሥራ ተቀምጦ ማየት ለሰው ይከብዳል። ዲንኪቱ ግን አንድ በርሜል ንጹሕ ውሃ ማንም ሳይጠጣው ለብዙ ዓመት አስቀመጠች። ሰው ይህን አልወደደላትም። በኋላም ስሟ የጠፋው በዚሁ በርሜል ነው።

የወደራ ልጅ ናት፤ አባቷ ከብት አርቢ ነበሩ። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች፣ በ1991 ዓ.ም.፣ ነገሌ በነበረች አንዲት ትንሽ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። ያቺ ላቦራቶሪ ዛሬ ተዘግታለች። እኔ ዳዳቻ የግቢው ዘበኛ ነበርኩ፤ ከ1984 ጀምሮ በሩን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን ልትጠርግ ገብታ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች።

"ኦቦ ዳዳቻ፣ እዚህ ቤት ሽንኩርት የሚከትፈው ማነው?" አለችኝ።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ጋሽ አሸቱ ከውስጥ ሰምተው ሳቁ። "ሽንኩርቱ እኔ ጋ ነው፤ ነይ ላስተዋውቅሽ" አሏት።

ሽንኩርት የተባለው ፎርማሊን ነው። ሲያዩት ውሃ ይመስላል። ከሞተ እንስሳ ሳንባ ወይም ጉበት ተቆርጦ የሚመጣ ሥጋ ለምርመራ እስኪደርስ እንዳይበሰብስ በእሱ ይነከራል። እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ፈሳሹ ቆዳ ይልጣል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርሃን ያጠፋል። ጋሽ አሸቱ ያለ መከላከያ ሠላሳ ዓመት ሠርተውበት አፍንጫቸው ማሽተት ትቶ ነበር። "እኔን እያየሽ ተማሪ" ይሏት ነበር፤ "ወጥ ማረሩን የማውቀው ባለቤቴ ስትጮህ ነው።"

ተማረች። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የላቦራቶሪ ረዳት ተብላ ሥራው ወደ እሷ ዞረ። በር ላይ ቆሜ ስትሠራ አያት ነበር። በመጀመሪያ መስኮቶቹን ሁሉ ትከፍታለች። የጎማ ጓንት ታጠልቃለች፤ ጎንና ጎኑ የተዘጋ መነጽር ታደርጋለች። ዘጠኝ እጅ ውሃ ለክታ አንድ እጅ ፎርማሊን በቀስታ ትጨምርበታለች። የጀሪካን ክዳን ስትከፍት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ትንሽ ብቻ ታላላና የታፈነው አየር እስኪተነፍስ ትጠብቃለች። ፀሐይ የመታው ጀሪካን ከሆነ ጭራሽ አትነካውም፤ ጥላ ውስጥ አኑራው እስኪቀዘቅዝ ሌላ ሥራ ትሠራለች። ፎርማሊን በውሃ ሃይላንድ የቀዳ ሰው ካገኘች ደግሞ ዶክተርም ይሁን ሹፌር አትምረውም። "የተጠማ ሰው ጽሑፍ አያነብም እኮ!" ብላ ትጮህበታለች።

ከሁሉ በላይ ግን በርሜሉ ነው። ፎርማሊን ዓይን ውስጥ ከገባ ቅቤና ወተት ማድረግ አይሆንም። ወዲያውኑ፣ የዓይኑን ቆብ ገልጦ ይዞ፣ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጡ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው፤ ከዚያ ሐኪም ቤት። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ከተማ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈስ ውሃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በርሜሉን በክፍሉ ጥግ አቆመች። በየሰኞው ውሃውን ትለውጣለች፤ በአሮጌው ወለል ታጥብበታለች። በየጠዋቱ ስትገባ በጣቷ አንጓ ጎኑን ታንኳኳና ድምፁን ታዳምጣለች።

በአህያ ውሃ የሚያዞር ዲዳ የሚባል ሰው በመስኮት ይተርባት ነበር።

"ዲንኪቱ፣ ሙሽራሽ ደህና አደረ?"

"ደህና ነው። ከአንተ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል።"

ይህ በደጉ ጊዜ ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት የገዛ አክስቷ ባዶ ጀሪካን ይዛ መጣች። "አክስቴ፣ ይህ የዓይን ነው፤ የእኔ አይደለም" ብላ መለሰቻት። አክስቷ በሩ ላይ ቆማ "ውሃ የከለከለች ልጅ!" ብላ ጮኸች። በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰማ ሁሉ ያዘባት።

እኔንም አንድ ጊዜ አስቀይማኝ ነበር። "ኦቦ ዳዳቻ፣ በቀን ሁለት ሁለት ፊደል ላስቆጥርዎት" አለችኝ። ልጄ የምትሆን ሴት ሀሁ ልታስቆጥረኝ! "እኔ የሚጠፋብኝ ነገር የለም፤ ሁሉም እዚህ ነው ያለው" ብዬ ጭንቅላቴን አሳየኋት። እሷም ሁለተኛ አላነሳችውም።

በ2001 ዓ.ም. ኃይለመስቀል የሚባል የእንስሳት ሐኪም ኃላፊ ሆኖ መጣ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም። እንደሌሎቹ ኃላፊዎች በመኪና መስኮት ሰላምታ የሚወረውር አልነበረም። ወርዶ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ "ጋሼ" ይለኛል። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ያነብልኛል፤ ማመልከቻ ሲያስፈልገኝ ይጽፍልኛል። ከዘመዶቼ ይበልጥ አምነው ነበር።

በ2003ቱ ድርቅ ከብቱ በየመንገዱ ወደቀ። ዲንኪቱ ናሙና ከሚሰበስቡት ጋር ወደ ተልተሌ ሄደች። እሷ በሌለችበት ከበላይ እንግዶች መጡና ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጣለ። ቦቴ ውሃ ካመጣ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር።

"ጋሼ፣ ያ በርሜል ይከፈት" አለኝ ኃይለመስቀል።

"ዲንኪቱስ ምን ትላለች?"

"ነገ ቦቴ ይመጣል። እሷ ሳትመለስ እንሞላዋለን።" ሳቅ አለና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "ደግሞስ አለቃው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?"

በቁልፌ ከፈትኩ። ሥጋ ታጠበበት፤ እንግዶቹ እጃቸውን ታጠቡበት። የመጨረሻዋን ጣሳ የጠለቅሁት እኔ ነኝ። ክዳኑንም መልሼ ከደንኩት።

በማግስቱ ቦቴው አልመጣም። እኩለ ቀን ላይ ዲንኪቱን ከተልተሌ የያዘው መኪና ገባ። በር ላይ ጉራቻ የሚባል ከብት አርቢ ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቅ ነበር፤ የሞተች ላሙን ሳንባ ቁራጭ በፌስታል ይዟል። በሽታው ወደ ሌሎቹ ከብቶቹ እንዳይተላለፍ ፈርቶ ነው። ክፍሉ ውስጥ የተበጠበጠ ፎርማሊን አልቆ ነበር። ኃይለመስቀል እንግዶቹ ለምሳ እየጠበቁት ስለነበር መኪናው ላይ ፀሐይ ሲቀቅለው የዋለውን ጀሪካን አስወርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ዲንኪቱ የመንገድ አቧራዋን ሳታራግፍ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። "ዶክተር፣ ትኩስ ነው፤ ይቀዝቅዝ! አንተ ሰውዬ፣ ወደ ኋላ በል!" አለች።

"አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ትርፍ ነገር" ብሎ ክዳኑን በአንድ ጊዜ አዞረው።

ጉራቻ የላሙ ነገር ስለሆነበት አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። ፎርማሊኑ ተፈናጥሮ ፊቱን መታው። ጮኸ። ዲንኪቱ በክንዱ ጎትታ በርሜሉ ጋ አደረሰችውና ክዳኑን ወርውራ ጣሳውን ነከረች። ጣሳው ከባዶ ቆርቆሮ ጋር ተጋጨ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ውሃዬ የት ሄደ?" አለች። ማንንም አላየችም፤ በርሜሉን ነው የጠየቀችው። ኃይለመስቀል ጀሪካኑን ወደ መክደን ዞረ። እኔም ሳልነግራት ዲዳን ፍለጋ ሮጥኩ። ለመንገድ የያዘችውን ሃይላንድ አንስታ የዓይኑን ቆብ በጣቷ ገልጣ ስታፈስ ጥያት ነው የወጣሁት። ከዲዳ ጀሪካን ተሸክሜ ስመለስ ሃያ ደቂቃ አልፏል። አንድ ሹፌር ቅቤ ይዞ ቆሟል፤ እሷ በክርኗ ገፍታ ትከለክለዋለች። የጉራቻ ቀኝ ዓይን አልዳነም።

አጣሪዎች መጡ። ኃይለመስቀል ቢሮው ጠራኝና "ጋሼ፣ ያዩትን ሁሉ ይንገሩኝ፤ ልጻፍልዎት" አለ። በርሜሉን በማን ትእዛዝ እንደከፈትኩ፣ ውሃው ለምን እንደዋለ፣ ጀሪካኑን ማን እንደከፈተ ነገርኩት። ጻፈ። ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። አንድ ቃል አልጎደለም። ራሱን ጥፋተኛ የሚያደርግ ነገር ሳይሸሽግ ሲያነብ ሰማሁና በልቤ አከበርኩት። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ጣቴን በለስላሳ ወረቀት ጠረገልኝ። "ጉዳዩ እስኪያልቅ ውጭ ካወሩት ይበላሻል" አለኝ። እኔም የመሥሪያ ቤት ምስጢር ጠባቂ ነኝና አፌን ያዝኩ።

ዲንኪቱ ተባረረች። በዚያው ዕለት ወረቀት በእጇ ይዛ በር ላይ መጣችብኝ። ዲዳ አህያውን አቁሞ ያያል፤ ሌሎችም ነበሩ።

"ኦቦ ዳዳቻ፣ አንቱም?" አለችኝ።

"የነበረውን ነው የተናገርኩት።"

"እኔን ሌባ ማለት ነው የነበረው?"

"አፍሽን ያዢ! ዳዳቻ ውሸት አይፈርምም!"

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። ስለያዘችው ወረቀት ኃይለመስቀልን ስጠይቀው "እሱ ሌላ ሰው የሰጠው ቃል ነው፤ የእርስዎማ ይኸው እዚህ አለ" ብሎ መሳቢያውን መታ መታ አደረገልኝ። አመንኩት። ከተማው "የዓይኑን ውሃ ሸጣዋለች" አለ። አለመሸጧን አውቃለሁ። ነገር ግን ቃሌ ወረቀት ላይ አለ፣ አንድ ቀን ነጻ ያወጣታል ብዬ ተቀመጥኩ። እኔን በሰው ፊት ማዋረዷም ከንክኖኝ ነበር።

በዓመቱ ኃይለመስቀል ተሹሞ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የሚያነብልኝ ሰው ጠፋ። ሌላ ሰው መለመን ሞት መስሎ ታየኝና፣ በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ የፊደል ሠንጠረዥ ገዝቼ በር ላይ ተቀመጥኩ። ከሠንጠረዡ ይልቅ ያስተማሩኝ የዲንኪቱ ጠርሙሶች ናቸው። በእጇ የጻፈችው ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ነበር፦ የፈሳሹ ስም፣ ቀን፣ "አይጠጣም"። መጀመሪያ ሳልደናቀፍ ያነበብኳት ቃል "አይጠጣም" ናት።

በ2009 ጡረታ ስወጣ አንድ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አስደርገህ አምጣ ብለው ፋይሌን ሰጡኝ። በመንገድ ላይ ገለጥኩት። የአውራ ጣቴን አሻራ አየሁ። ከላዩ ያለውን ቆሜ አነበብኩ።

"እኔ የጥበቃ ሠራተኛው ዳዳቻ፣ ወ/ሪት ዲንኪቱ የዓይን መታጠቢያውን ውሃ በተደጋጋሚ ለግል ጥቅሟ ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።"

የማነበው ቀስ ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያን ቀን ከወረቀቱ ላይ አልነበረም ያነበበልኝ፤ የተናገርኩትን በቃሉ ይዞ ነበር የመለሰልኝ።

ስልክ ቁጥሩን ፈልጌ ደወልኩለት።

"ጋሼ! እንዴት ነዎት? ጤናዎስ?"

"ያቺን ወረቀት አየኋት።"

"ማን አነበበልዎት?" አለኝ።

"እኔ" አልኩት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አላነሳም።

ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አስነስቼ ወደ ወደራ ሄድኩ። ዲንኪቱ ገበያ ውስጥ ሳሙናና በረኪና ትሸጣለች። በረኪናው በአሮጌ ሃይላንድ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ጠርሙስ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። አንዲት ገዢን "ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትደባልቂው፤ ጭሱ ያፍንሻል" እያለቻት ደረስኩ።

"ናጋ?" ብዬ ሰላም አልኳት።

"ናጋ።" ቀና አላለችም።

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት። ስጨርስ ጠርሙሶቿን አስተካከለች።

"እኔ ያኔውኑ አንብቤዋለሁ" አለች። "ለእኔ ማንበብዎ ምን ያደርግልኛል? ለጉራቻ ያንብቡለት።"

በማግስቱ አብረን ሄድን። ጉራቻ ከነገሌ ዳር ነው የሚኖረው። ዲንኪቱ ከእሾህ አጥሩ ውጭ ቆመች፤ እስክጨርስ አልገባም አለች። ጉራቻና ሚስቱ ሲንቄ ፊት ተቀምጬ ወረቀቱን አነበብኩ፤ በኦሮምኛም አስረዳሁ። ከዚያ በርሜሉን የከፈትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያዘዘኝም ማን እንደሆነ ተናገርኩ።

ሲንቄ "እሱ በተደናቀፈ ቁጥር እኔ የማንን ስም ጠርቼ ስረግም ኖርኩ?" ብላ ፊቷን ያዘች።

ጉራቻ ወደ እኔ ዞረ። "ስድስት ዓመት እዚሁ ነበርክ?" አለኝ።

"ነበርኩ።"

"ገበያ ስንገናኝ በዚህኛው ጎኔ ነበር የምታልፈው" አለና የጠፋውን ዓይኑን ጎን ነካ።

"ወረቀቱ የሚናገርልኝ መስሎኝ ነበር።"

"አፍ ነበረህ።"

ጉራቻ ተነስቶ አጥሩ ጋ ሄደ። "ዲንኪቱ፣ ግቢ" አላት። "ሃይላንድሽን ሙሉውን እንዳፈሰስሽልኝ አስታውሳለሁ። የነበረሽ እሱ ብቻ እንደሆነ ግን ዛሬ ነው ያወቅሁት።" እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ገባች። ሲንቄ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

ከዚያ ወዲህ ጉራቻ በየገበያው ነገሩን ይናገራል። ዲዳም ሰምቶ አፍሯል፤ አክስቷም ወደራ ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃለች። ሥራዋ ግን አልተመለሰላትም። ኃይለመስቀልን የጠየቀው የለም።

የዚያን ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ "ልጄ፣ በደህና ግቢ" አልኳት። አሥራ ሁለት ዓመት ኦቦ እያለች በአክብሮት ስትጠራኝ ኖራለች።

በመስኮት አየችኝና "ደህና ይዋሉ፣ ዘበኛ" አለችኝ።