አውቶቡስ ያስቆመው አልበም

ከኮረዳነቴ ጀምሮ የምወደው የሮክ ባንድ ዘንድሮ አዲስ አልበም አወጣ። አርጅተው ያሳፍሩኝ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁት። ድምፃቸው እንደ እኔው ትንሽ ሻክሯል። ያ ጊታር ግን ገና ሲጮኽ፣ ተመስገን ብዬ እንባዬን ለቀቅኩት።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ “ኧረ ሾፌር፣ አቁም! እማማ መርዶ ደረሳቸው!” ብላ ጮኸች።

ሾፌሩ አቁሞ መጣ።

“ማን ሞተብዎት፣ እማማ?”

ራሱ ሽበታም ሆኖ እማማ ይለኛል!

“ሟርተኛ! አራቱም አሉ፤ አዲስ አልበም አወጡ እንጂ!”

የባንዱን ስም ስነግረው አላመነኝም። አንዱን ማዳመጫ ሰጠሁት። ጥቂት እንዳዳመጠ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ትቶ እሱን ማባበል ጀመረ።