ስም ያልጠራሁበት ስብሰባ

ሮቤ ውስጥ፣ ወደ ጎባ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ቀበሌው አሥር የኪራይ ቤቶች ሠራ። ኪራያቸው አነስተኛ ስለሆነ የሚሰጡት ለችግረኛ ብቻ ነበር። ሰፈሩ ግን አልወደዳቸውም። የተሠሩበት ሜዳ ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን የሚጣልበት ነው፤ በዚያ ላይ ማን እንደሚገባባቸው አይታወቅም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ እኔ መጣ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። የአመልካቾቹን ቅጽ እንድሞላ፣ የጎረቤቶቹንም ስጋት ሰብስቤ በስብሰባ ላይ መልስ እንድሰጥ ጠየቀኝ። ያኔውኑ ደብተር ገዝቼ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ ስጋት፣ በቀኝ መልስ።

ቅጽ ካስሞሉኝ መካከል በትምህርት ቤታችን በር ላይ ዳቦ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። የሚኖሩት አንድ የእህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። ሰፈሩ የነጋዴው አክስት እንደሆኑ ነበር የሚያውቀው። እሳቸው ግን ቅጹን ስሞላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነቱን ነገሩኝ። ዘመዱ አይደሉም። ባላቸው ሲሞት ሥራ ፍለጋ ከደሎ መና መጡ፤ ነጋዴው ጓሮ ያለችውን ክፍል ለአላህ ብሎ ሰጣቸው። ሰው እንዳይንቃቸውም "አክስቴ ናት" አለ። አሁን ልጁ ሊያገባ ስለሆነ ክፍሏ ታስፈልጋለች፤ ነጋዴው ግን "ውጪ" ማለት አፍሮ ዝም ብሏል።

"እሱ ሳይናገር እኔ ልውጣለት" አሉኝ። "ይሄ ነገር ግን በእኔና በአንተ መካከል ይቅር፣ መምህሬ። አላህ ሰትሮኛል፣ አንተም ገመናዬን ሸፍንልኝ።"

"ቃሌ ነው" አልኳቸው።

ስብሰባው እሑድ ጠዋት በቀበሌው ግቢ ሆነ። ዱዓ ተደረገ፤ ወዲያው ጫጫታው ተነሣ።

"ተከራይ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል" አለ አንድ ባለሱቅ። "ምን ይዞ እንደሚሄድ ደግሞ አላህ ይወቅ!"

"መምህርም እኮ ተከራይ ነው" አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

"እሱማ ከጠመኔ ሌላ ምን ይሰርቃል!"

ተሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ደብተሬን ገልጬ ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ድንኳኑ ቦታ በተራ በተራ መለስኩ። ነገሩ መልክ እየያዘ ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ሀጂ ግን እጃቸውን አነሡ።

"ወረቀቱን ተወው፣ ልጄ። የሚገቡት እነማን ናቸው? እስቲ አንዱን እንኳ ንገረን።"

ክፍል ውስጥ ደንቡ አልገባ ሲላቸው ለተማሪዎቼ ምሳሌ እሰጣለሁ። አፌ እንደለመደው ሄደ።

"ስም አልጠራም" ብዬ ጀመርኩ። "ግን ለምሳሌ አንዲት እናት አሉ። ባል የሞተባቸው፣ ከቆላ የመጡ። ሰው ግቢ በቸርነት ተጠግተው ይኖራሉ። ሁላችሁም ዘመድ ናቸው ትላላችሁ፤ ዘመድ ግን አይደሉም። ጠዋት ጠዋት ጋግረው፣ ተማሪ ደጅ ሸጠው ነው የሚኖሩት። አሁን እኚህ ሴት ሌባ ናቸው?"

ግቢው ጸጥ አለ። ራሶች አንድ በአንድ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ዞሩ። ዳቦ ሻጯ እናት ከመካከላቸው ሆነው የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። የእህል ነጋዴው ተነሥቶ ወጣ። እኔ ዝምታውን እንደ መግባባት ቆጠርኩት፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

"እንዴ፣ የኛዋ ናት?" አሉ ሀጂ። "እንግዲያው ምን እንቃወማለን!"

እጅ ተነሣ፣ ቤቶቹ ለአመልካቾቹ እንዲሰጡ ጸደቀ። ሊቀመንበሩ ጨበጠኝ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ሰኞ ረፋድ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ጎረቤት አሮጌ ሹራብ በፌስታል ይዛ መጥታ፣ ልጆች እያዩ በዳቦ ሻጯ እናት ጭን ላይ አኖረችላቸው። "ሚስኪን፣ እስከዛሬ እኮ አላወቅንም!" አለች። ሐሙስ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር። እንደ ወትሮው ዳቦ ጋግረው ሄዱ፤ ሴቶቹ ግን ትሪውን ከነዳቦው መለሱላቸው። "አንቺማ አትቸገሪ" አሏቸው። እዚህ ለቅሶ ቤት ይዞ የሚሄድ ሰው እንደ ሰው ይቆጠራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

"ስምዎን እኮ አልጠራሁም።"

"ስሜን ብትጠራ ምን ነበረበት? ስሜ ምን ነውር አለው?"

ቤቶቹ እንዲጸድቁ ብዬ እንደሆነ፣ ያለ እሱ ምሳሌ ሰው እንደማይስማማ ማስረዳት ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ጨረስክ? በል አሁን ጻፍልኝ። ቤቱን አልፈልግም።"

"ተፈቅዶልዎታል እኮ!"

"ለማን ነው የተፈቀደው? አንተ ለተናገርካት ሚስኪን ነው። እሷን ሆኜ እዚያ ቤት አልገባም። ደሎ መና የእህቴ ልጅ አለች።"

"ምክንያቱን ምን ልበል?"

"ዘመዶቿ ፈለጓት በል።"

ጻፍኩ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት፤ እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ወረቀቱን አጣጥፈው ሲሰጡኝ "ስታደርስ ምንም እንዳትጨምርበት" አሉኝ።

ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አንብቦ ግራ ገባው።

"እንዴ፣ ምን ሆኑ? አንተ ታውቃለህ?"

"ወረቀቱ ላይ ያለው ነው" አልኩትና ወጣሁ።